የቀረኝ እሑድ

ማሽላ ሲያሽት ከማማ ላይ ሆኖ የሚጠብቅ ሰው መሬት ላይ ያለ አይመስለውም። የእኛ ማማ የቀርከሃ ነበር፤ ነፋስ ሲነካው ከነተቀማጩ ይወዛወዛል። ጠዋት ጠዋት ከአሶሳ ወዲህ ያለው ሜዳ በጉም ይሞላና የማሽላው ራስ ብቻ ከላይ ይቀራል። ያኔ በነጭ ውኃ ላይ አልጋ ዘርግቼ የተቀመጥኩ ይመስለኝ ነበር። ወፎቹ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይላሉ፣ እጮኻለሁ፣ ተመልሰው ይሰጥማሉ። በመሀል በመሀል ጭኔ ላይ ያለውን መጽሐፍ አነባለሁ። ያነበብኩትና ያየሁት ይቀላቀልብኝ ነበር። ባሕሩ የተከፈለው እዚያው ከፊቴ፣ ከቀርከሃው ጫካ በታች ይመስለኛል፤ ሕዝቡም ከጉሙ እየወጣ ወደ እኔ የሚመጣ።

እዚያ ያደረሰን ረሃብ ነው። ከወሎ በጭነት መኪና ተጭነን ስንደርስ የሰፈርንበት ቦታ ስም አልነበረውም፤ አምባ ይባላል፣ ከአምባው ቀጥሎ ቁጥር አለ፣ በቃ። ሳሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ዝናቡ ሲጀምር ማቆሙን ይረሳዋል። ወባው ቤት ለቤት ይዞራል። ለእኔ ሚስቴና አንዲት ሴት ልጄ ተረፉልኝ፤ ወንዱ ልጄ የተቀበረው በመጣን በመጀመሪያው ክረምት ነው። መቃብሩን የቆፈረልኝ ጎረቤቴ ነበር፣ በአንድ መኪና ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን የመጣን ሰው። እኔ ዶማውን ማንሳት አቅቶኝ ቆሜ አየሁት። በኋላ ሴት ልጄን ለወንድ ልጁ ሲጠይቀኝ ምን ብዬ እምቢ እላለሁ? ልጁም ጨዋ ነበር። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። በዚያ አምባ ከረሃቡ ወዲህ የሁላችንም ዓይን የሚያርፍበት ደስታ ያ ሠርግ ብቻ ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት እዚያው፣ በመሠረተ ትምህርት ዳስ ውስጥ ነው። ያስተማረኝ ወጣት አንድ ክረምት አስተምሮ ሄደ፤ የቀረውን ራሴ ጨረስኩት። ማንበብ የፈለገ ሰው አስተማሪ የለኝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይህን ለልጆች ሁሉ እነግራለሁ። መጽሐፍ ቅዱሱን በባምባሲ ገበያ አንድ የወለጋ ነጋዴ ሰጠኝ። ጴንጤ ነበርና ማንበቤን ሲያይ ደስ አለው። ከወንጌሉ ጀምር ብሎ መክሮኝ ነበር። አልሰማሁትም። መጽሐፍ የሚጀመረው ከመጀመሪያው ገጽ ነው ብዬ ከኦሪት ጀመርኩ። በጣቴ እየተከተልኩ፣ የገባኝን ደጋግሜ፣ ያልገባኝን ከሁለት እጥፍ በላይ ደጋግሜ። በዚህ አካሄድ ወንጌሉ ጋ ሳልደርስ ክረምቱ አልቆ መኸር ገባ። እኔም ከሕጉ መሀል ቆሜ ቀረሁ። የተማረ ሰው ቢሆን አልፎ ይሄድ ይሆናል። እኔ ግን የተጻፈው ትእዛዝ ከሆነ ወይ ይፈጸማል ወይ አልፈጽምም ይባላል፣ ሌላ መንገድ አልታየኝም።

የምጠይቀው ሰው አንድ ብቻ ነበረኝ፤ የአምራች ማኅበሩን ማጭድና ዶማ የሚሠራው ሽማግሌ ቀጥቃጭ። ከጎንደር ወደ ወሎ የወረደ፣ ከወሎ ደግሞ ረሃቡ ከእኛ ጋር ያመጣው ሰው ነው። ማተብ አስሯል፣ ቤተ ክርስቲያን ግን ሲሳለም አይታይም፤ ሥጋ እንብላ ብለው ሲጠሩት ሁልጊዜ ሆዱን ያመዋል። ሰው እጁ ላይ ባለው ሙያ ስለሚፈራው ከምድጃው ዘንድ የሚቀመጥ አልነበረም። እኔ እቀመጥ ነበር። ቤተ እስራኤል መሆኑን የነገረኝ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ወናፉን እየረገጠ፣ እኔን ሳያይ ነው። ከዚያ በኋላ ዘወር ብሎ አየኝና፣ ይህን ብትናገር ምድጃዬን ያፈርሱታል አለኝ። አልተናገርኩም። እስከ ሞተበት ቀን አልተናገርኩም።

ስለ ሕጉ በሰፊው ጠየቅኩት። በስምንተኛው ቀን ተገርዣለሁ። እሪያ ቀምሼ አላውቅም። እናቴ ቅዳሜን እንደ እሑድ ታከብር ነበር፣ ወፍጮ አትነካም። አምላክ አንድ መሆኑን አምናለሁ፣ ከእሱም ጋር ሌላ ስም መጥራት ከብዶኛል።

«ታዲያ ጋሼ፣ ምን ቀረኝ?» አልኩት።

ብረቱን ከፍሙ አውጥቶ አየው፣ መልሶ ከተተው።

«እሑድ» አለኝ። «እሑድ ቀረህ። ቅዳሜን ማክበር ለእናንተ ሰው ምንም አይደለም፣ ማንም አያይህም። እሑድ ማጭድ ስታነሳ ግን ያኔ ማን እንደሆንክ አገር ያውቃል። ስለዚህ አታንሳ። ልጅህን ዳር።»

እኔ ቄስ አይደለሁም፣ አንተን እስራኤል ማድረግ አልችልም፣ ውኃው ካደረገህ ያድርግህ ብሎም ነገረኝ። ሥርዓቱን ግን አሳየኝ። የተባለውን ያህል ቀን ማማ ላይ እየዋልኩና እያደርኩ ከሽምብራ በቀር አልቀመስኩም። ረሃብን የማውቅ ሰው ነኝ፤ ይህኛው ግን ሌላ ዓይነት ነበር። ሰውነቴ እንደ ቀርከሃ ባዶ ሆኖ ነፋስ የሚያልፍበት መሰለኝ። በመጨረሻው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ጸጉሬን ተላጨሁ፣ ልብሴን አጠብኩ፣ ራሴን ውኃ ውስጥ ነከርኩ። ውኃው ከላይ ሲዘጋ የወፎቹ ድምፅ ጠፋ፤ ያ ጸጥታ ዛሬም አልፎ አልፎ በጆሮዬ ይመጣል። ስወጣ ማተቤን ፈታሁት። መወርወር አልቻልኩም። የእናቴ እጅ ነበረበት። አንድ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩትና ዘወር ብዬ ሳላይ ሄድኩ።

ቤት ስገባ ሚስቴ ያየችው አንገቴን ነው። አልጮኸችም። ተነሥታ ፎጣ አመጣችና በአንገቴ ዙሪያ ጠመጠመችው፤ በዚያ ሙቀት።

«ልጄን ልዳር» አለችኝ። «ከዚያ በኋላ የፈለግከውን ሁን። እስከ ጥር ግን አንገትህን ሸፍን፣ አፍህንም ሸፍን።»

እሺ አልኳት። እኔ በሕይወቴ ለልጄ ስነግራት የኖርኩት አንድ ነገር ቢኖር ሰው በአፉና በልቡ ሁለት መሆን የለበትም የሚል ነው። ዱቄት ደፍታ ድመት ደፋችው ባለች ጊዜ ተቆጥቼ ከቤት ሁሉ ፊት እውነቱን እንድትናገር ያደረግኩ ሰው ነኝ። ያው ሰው ፎጣ ጠምጥሞ ወባ ይዞኛል ይል ጀመር።

ቅዳሜን ለማክበር ወፍ ጥበቃው ተመቸኝ። ማኅበሩ ቅዳሜም ያሠራ ነበርና ሌላው ማሳ ሲወርድ እኔ ማማዬ ላይ እቀመጣለሁ። ወፍ መጠበቅ ሥራ ነው ወይስ አይደለም ብዬ ቀጥቃጩን ብጠይቀው በጣም ሳቀብኝ፤ ድንጋይ ካልወረወርክ ሥራ አይደለም፣ ጩህ ብቻ አለኝ። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንጭፉን አስቀምጬ እጮኻለሁ። ወፎቹ ግን ጩኸት ብቻ መሆኑን ቶሎ ለመዱት። የእርሻ ብርጌድ መሪያችን የሚስቴ ወንድም ነበር፤ እሱ እንኳ ማሳውን እያየ፣ አማቼ፣ እነዚህ ወፎች ገበያቸው ቅዳሜ ነው እንዴ አለኝ። ከሳቀ በኋላ ፎጣዬን አየት አድርጎ ወደ ማሳው ተመለሰ።

ማሽላው በደረሰ ጊዜ ከአምባው ካድሬ ጥሪ መጣ። የሣር እሳት ከወዲያ ማዶ ተነሥቶ ነበርና እህሉ ሳይነካ በፊት እሑድም ወጥታችሁ እጨዱ ተባለ። ሰው ሁሉ እሺ አለ፣ ማንም አልወጣም። እኔ ወጣሁ። ጥሪው መሸፈኛ ይሆነኛል ብዬ አሰብኩ፤ ትእዛዝ አክብሮ ነው ይሉኛል፣ ልቤ ግን የሚያውቀውን ያውቃል። ያ እሑድ እንደ ሕልም ነው። ጭሱ ሰማዩን ሸፍኖት ፀሐይዋ እንደ ብርቱካን ተንጠልጥላለች። በሜዳው ላይ እኔና ማጭዴ ብቻ። ከአምባው የሰንበቴ ሰዎች ድምፅ ይሰማኛል፣ እዚያ የሌለሁት እኔ ብቻ መሆኔን አውቃለሁ። ደስታም ነበረው፣ ባዕድነትም ነበረው። የቱ እንደሚበልጥ መለየት አልቻልኩም። በሚቀጥለው እሑድም ወጣሁ።

ካድሬው ይህን አየ፤ ያየውንም በራሱ ተረጎመው።

በስብሰባው ቀን ከትልቁ ዋርካ ሥር ተሰብስበናል። ከአጠገባችን ያሉ የበርታ ሽማግሌዎችም ተጠርተው መጥተዋል። ካድሬው ብዙ ከተናገረ በኋላ ኮከብ አምራች ብሎ እኔን ጠራኝና አዲስ ብርድ ልብስ ትከሻዬ ላይ ጣለ። ሰው አላጨበጨበም። ፊታቸው ላይ የነበረውን አውቀዋለሁ፤ ለካድሬ ብሎ ሰንበት የሻረ፣ ይሉኝ ነበር። ይህንን እችለው ነበር። ካድሬው ግን አልበቃውም። ይህ ገበሬ ከኋላ ቀር እምነት ተላቋል አለ። ሰማይ ባዶ መሆኑን፣ ከላይ የሚጠብቀን ማንም አለመኖሩን፣ ያለው የሰው ጉልበት ብቻ መሆኑን በሥራው አሳይቶናል አለ። ከዚያ ጥቂት ቃል ተናገር ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

ሚስቴ ከሴቶቹ መሀል ነበረች። ልጄ ከጎኗ። ጎረቤቴ ከፊት ለፊቴ፣ ዱላውን አገጩ ላይ አስደግፎ። አመሰግናለሁ ብሎ መቀመጥ ይቻል ነበር። እስከ ጥር የቀረው ጥቂት ነው። ነገር ግን አምላክ የለም የሚል ሰው አድርጎ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አቆመኝ፤ ዝም ካልኩ አዎ ማለቴ ነው። ክርስቲያን ቢሉኝ ዝም ብዬ ነበር፤ ለዚህኛው ግን ዝምታ አልነበረኝም።

ብርድ ልብሱን አውርጄ አጣጠፍኩት። ፎጣውንም ፈታሁ።

«ጓድ፣ ተሳስተዋል» አልኩ። «እሑድ የሠራሁት ሰማይ ባዶ ነው ብዬ አይደለም። ቅዳሜ ስላረፍኩ ነው። አምላክ አንድ ነው፣ ሕጉም በኦሪት የተጻፈው ነው ብዬ አምናለሁ። የእስራኤልን ሃይማኖት ይዣለሁ። ክርስቲያን አይደለሁም። ማንም አላስተማረኝም፤ አንብቤ ነው።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሙሉ እውነት አልነበረም፤ ለምን እንዳልሆነ አንባቢ ያውቃል።

ከዚያ ከሴቶቹ መሀል አንዷ፣ «ለካ ቅዳሜ ቅዳሜ ወፎቹን ሲያበላቸው የከረመው እሱ ነው» አለች። አንዳንዱ ሳቀ። ከወሎ አብሮን የመጣ አንድ እስላም ወዳጄ፣ ከክርስቲያን ወጥተህ ወደ እኛ ሳትደርስ መሀል መንገድ ላይ ምን አስቀረህ ብሎ ጠየቀኝ። ከበርታዎቹ ትልቁ ሽማግሌ ደግሞ ነገሩ ገብቶት ጣቱን እየቆጠረ በራሱ አማርኛ ተናገረ።

«እኛ ጁምዓ። እሱ ቅዳሜ። እናንተ እሑድ። ወላሂ፣ ለመንግሥት ሥራ ቀን ትንሽ ነው የቀረው።»

ካድሬው ይህ ስብሰባ የሃይማኖት አይደለም አለና ወደ ትራክተሩ ነዳጅ ጉዳይ ተሻገረ። በማግስቱ ቢሮው ጠርቶ ማን አደራጀህ፣ ከውጭ የሚልክህ ማን ነው እያለ ሲጠይቀኝ ዋለ። እኔ አሶሳን እንኳ በቅጡ የማላውቅ ሰው። ሰልችቶት ለቀቀኝ።

ቀጥቃጩ ምድጃው ዘንድ ስሄድ አልተቀበለኝም። «እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ተሸሽጌያለሁ» አለኝ፤ «አንተ አንድ መኸር አልቻልክም።» ተቆጥቶ ይሁን ቀንቶብኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሚስቴ የእኔን ምግብ ለብቻ ትሠራለች፣ ታቀርባለች፣ ትሄዳለች። ልጄ እኔ ስገባ ትወጣለች። አንድ ማለዳ እንጨት ስትሰብር ቆሜ አየኋትና እንድትናገር ብዬ፣ ሰው ያመነውን መናገር አለበት፣ ይህን ስነግርሽ ኖሬያለሁ አልኳት። መጥረቢያውን አስቀመጠች።

«አባባ፣ ያን ቀን ሲናገሩ እኔን ጠይቀው ነበር?»

«እውነት ለመናገር ፈቃድ አይጠየቅም።»

«እኔስ?» አለችኝ። «እኔ አልጠየቅም?»

ብዙ ነገር አንብቤያለሁ፣ ለብዙ ሰው መክሬያለሁ። ጎንበስ ብዬ የሰበረችውን እንጨት መልቀም ጀመርኩ። መጥረቢያውን አንሥታ ሥራዋን ቀጠለች።

ሽማግሌዎች የተቀመጡት በጎረቤቴ ግቢ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር ነው። ጎረቤቴ ክፉ አልተናገረም። ልጅህን አልጠላሁም፣ አንተንም አልጠላሁም፣ ወንድ ልጅህን የቀበርኩ ሰው ነኝ አለ። ግን ልጄ የማንን ልጅ አገባ ይባላል? የልጅቷ አባት ክርስቲያን መሆን አለበት።

«አባቷ እኔ ነኝ» አልኩ።

«እሱንማ እናውቃለን» አለ አንዱ ሽማግሌ፤ «ያስቸገረንም እሱ ነው።»

ከዚያ መላ አመጡ። በአገራችን ሰው የጡት አባት ይይዛል። አባት የሚሆነው ሰው አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ያጠባል፤ ከዚያ ወዲያ በሕግም በልቅሶም እንደ ወለደ ነው። አባት ለሞተበት ወይም ዘመድ ለራቀው የሚደረግ ነው። የሚስቴ ወንድም የጡት አባቷ ይሁን፣ እሱ ይዳራት ተባለ። እኔ በሕይወት እያለሁ፣ እዚያው ተቀምጬ።

እምቢ ማለት እችል ነበር፤ ያን ጊዜ ሠርጉ ይፈርሳል። እውነት ዋጋ አለው እያልኩ ስናገር ኖሬያለሁ፤ የሚከፍለው ሌላ ሰው ሲሆን ግን ቃሉ አፌ ላይ ከበደኝ። እሷ ትጠየቅ ብቻ አልኩ። ያን ያህል ተምሬ ነበር።

ተጠራች። ነጠላዋን ተከናንባ መጥታ ቆመች። ነገሩን ነገሯት፤ እሺ አለች። ማሩ ከበርታዎቹ ጫካ የተቆረጠ ጥቁር ማር ነበር። የሚስቴ ወንድም አውራ ጣቱን ነከረና ዘረጋላት። የማንጎው ጥላ ፊቷ ላይ ይንቀሳቀሳል፤ ለአፍታ ሕፃን ሆና ታየችኝ፣ እናቷ ጡት ላይ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጠባች። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«በይ፣ አባቴ ነህ በይው» አሏት።

«አባቴ ነህ» አለችው። ይህን ብላ መቀመጥ ነበረባት። አልተቀመጠችም። «ያኛውም አባቴ ነው» አለች፣ ወደ እኔ ሳትዞር። «ሃይማኖቱ የእሱ ነው። እኔ በማርያም አምናለሁ፣ ከዚህ አልወጣም። ግን የወለደኝ እሱ ነው። ይህን ክጄ ጎጆ አልገባም፤ የማይሆን ከሆነ አሁን ንገሩኝ።»

ሚስቴ ከደጅ ሆና ፊቷን ሸፈነች። ሽማግሌዎቹ ጎረቤቴን አዩት። እሱ መሬቱን በዱላው ሲጭር ቆየ።

«አፏ የማን እንደሆነ አሁን ገባኝ» አለ በመጨረሻ። «እንግዲህ ምን አደርጋለሁ። አንዱ አማቼ ዳስ ውስጥ ይቀመጣል፣ አንዱ ደጅ ይቀመጣል። ጥላ አበጁለት።»

ሠርጉ እሑድ ዋለ። ማጭድ አላነሳሁም፤ ማረፍ ማክበር አይደለም ብዬ ከራሴ ጋር ተስማማሁ። ከዳሱ ውጪ ባበጁልኝ የቅጠል ጥላ ተቀመጥኩ። ቀጥቃጩ ከሰው ጋር ሲገባ በአጠገቤ አለፈ፤ አላየኝም፣ እኔም አላየሁትም። ዘፈኑና ከበሮው ከቀርከሃው ግድግዳ አልፎ ሲመጣ በውኃ ውስጥ ሆኖ እንደሚሰማ ድምፅ ነበር። የጥር ጭጋግ ሜዳውን ሞልቶታል። ሚስቴ ምስር ወጥ አመጣችልኝና ከብዙ ጊዜ በኋላ አጠገቤ ትንሽ ተቀመጠች።

ሙሽራዋ የእናቷንና የጡት አባቷን ጉልበት ዳስ ውስጥ ሳመች። የሚወስዳት የማኅበሩ ትራክተር ሞተሩ ተነሥቶ ቆሟል፣ ሚዜዎቹ ቶሎ በይ ይላሉ። እሷ ግን ከእነሱ ተለይታ ወደ እኔ መጣች። ሰው ሁሉ እያየ ተንበርክካ ጉልበቴን ሳመች። እጄን ራሷ ላይ ጫንኩና አባቴ ልጆቹን ሲድር ይመርቅበት የነበረውን ምርቃት ጀመርኩ፤ ሌላ አላውቅም። እንደ ሣራ፣ እንደ ርብቃ ያድርግሽ እያልኩ ሄድኩ። ምርቃቱ መሀል ላይ የማርያም ስም አለ። እዚያ ስደርስ አፌ ቆመ።

ልጄ ቦታውን ታውቀዋለች። አንገቷን እንደ ደፋች፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ ስሙን ራሷ ሞላችው። እስክትጨርስ ጠበቅኳት። ከዚያ ቀጠልኩ።